አፕዴት ካደረግሁት በኋላ ስልኬ የደከመው ለምንድን ነው?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሚኖሩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ እኅታቸው ከአሜሪካ ያመጡላቸውን አይፎን ኤክስ አር ይጠቀማሉ። ስልኩ ከመጨረሻው አፕዴት ወዲህ መተግበሪያ ለመክፈት ይዘገያል፤ ካሜራ ሲከፈት የስክሪኑ ብርሃን ይደበዝዛል፤ ፍላሹ አንዳንዴ አልሠራም ይላል፤ በቅርቡ ደግሞ ገና 30 በመቶ ባትሪ እያለው ድንገት ጠፍቷል። አባታቸው የሚይዙት ጉግል ፒክስል 4ኤ በበኩሉ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል፤ ይህም የጀመረው ስልኩ ራሱን አፕዴት ካደረገ በኋላ ነው። ያሳዩት ጠጋኝ «ኩባንያዎቹ አዲስ እንድትገዙ ሆን ብለው አሮጌውን ያደክሙታል፤ ሁለተኛ አፕዴት እንዳታደርጉ» ብሏቸዋል። ጠያቂያችን ማወቅ የሚፈልጉት ይህ እውነት መሆኑን፣ ወደ ቀድሞው ሶፍትዌር መመለስ ይቻል እንደሆነ፣ ከእንግዲህስ አፕዴት ማቆም ይሻል እንደሆነ ነው።

የሁለቱ ስልኮች ምልክት ቢመሳሰልም ምክንያታቸው የተለያየ ስለሆነ መፍትሔያቸውም አንድ አይደለም። የእርስዎ አይፎን ከገለጹት ምልክት ተነሥቼ ስገምተው ባትሪው አርጅቷል፤ ባትሪው ሲቀየር ፍጥነቱ ሊመለስ ይችላል። የአባትዎ ፒክስል ግን አምራቹ ለደኅንነት ሲል አቅማቸውን ከገደባቸው ስልኮች አንዱ ይመስላል፤ ያንን ገደብ ለማንሣት መሞከር አይገባም። የጠጋኙን አባባል በተመለከተ ፈጽሞ ሐሰት ነው ልል አልችልም፤ አሮጌ ስልክን ሆን ብሎ የሚያዘገይ አፕዴት በእርግጥ ተለቆ ያውቃል፤ አምራቹም በይፋ አምኗል። ይሁን እንጂ የተለቀቀበት ምክንያት እርሱ እንዳለው ብቻ አይደለም፤ «አፕዴት እንዳታደርጉ» የሚለው ምክር ደግሞ ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበልጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሊቲየም አየን ባትሪ ሲያረጅ ሁለት ነገር ይደርስበታል። አንደኛውን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የሚይዘው የኃይል መጠን ይቀንሳል። ሁለተኛውና ለእርስዎ ጥያቄ ዋናው ግን ውስጣዊ ሬዚስታንሱ መጨመሩ ነው፤ ማለትም ባትሪው ኃይል ቢኖረውም እንኳ ያንን ኃይል በአንድ ጊዜ አብዝቶ ለመስጠት ይቸገራል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶ ግማሽ ድረስ ውሃ ይዞ ሳለ መስመሩ በዝገት ከጠበበ፣ የሻወሩና የኩሽናው ቧንቧ አብረው ሲከፈቱ ውሃው ቀጥ እንደሚል ማለት ነው። በቁጥር ብናየው ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፕሮሰሰሩ፣ ስክሪኑና ካሜራው ተደምረው ለአንድ አፍታ 3 አምፒር ቢጠይቁ፣ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም የሆነ ደኅና ባትሪ ቮልቴጁ በ0.3 ቮልት ብቻ ይወርዳል፤ ሬዚስታንሱ 0.3 ኦም የደረሰ ያረጀ ባትሪ ግን በ0.9 ቮልት ይወርዳል። ሁለቱም ባትሪዎች በዚያች ሰዓት 3.7 ቮልት ላይ ነበሩ ብንል፣ የመጀመሪያው ስልክ በ3.4 ቮልት ሥራውን ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ 2.8 ቮልት ስለሚወርድ ውስጣዊ ክፍሎቹን ለመጠበቅ ራሱን ያጠፋል። መቶኛው 30 ላይ እያለ ስልክ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዝቃዜ ሬዚስታንሱን ስለሚጨምር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ችግሩ ጎልቶ ቢታይዎት አይደነቁ።

በ2016 መጨረሻ አካባቢ በርካታ የአይፎን 6 እና 6 ኤስ ባለቤቶች ስልካቸው በዚህ ዓይነት ድንገት እንደሚጠፋ አቤቱታ አቀረቡ። አፕል በጥር 2017 በለቀቀው አይኦኤስ 10.2.1 ውስጥ መፍትሔ አስገባ (አይኦኤስ አይፎንን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ሶፍትዌር ነው)፤ ስልኩ የባትሪውን ሁኔታ እየለካ፣ ባትሪው ሊሸከመው የማይችለው ጥያቄ ሊመጣ ሲል የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ ፍጥነት እንዲቀንስ አደረገ። በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ይህ የሚያስወቅስ ሐሳብ አይደለም፤ የዘገየ ስልክ ከጠፋ ስልክ ይሻላልና፣ በተለይ ሰው በአደጋ ጊዜ ሊደውል ሲፈልግ። ጥፋቱ የነበረው አነጋገሩ ላይ ነው። ኩባንያው ድንገተኛ መጥፋቱን እንደቀነሰ ሲናገር፣ የቀነሰው ፍጥነትን በመውሰድ እንደሆነ ለስልኩ ባለቤት ፊት ለፊት አልነገረም። ነገሩ ይፋ የወጣው በታኅሣሥ 2017፣ አንድ ተጠቃሚ ባትሪውን ቀይሮ የስልኩ ፍጥነት ሲመለስ አይቶ በይፋ ከጻፈና፣ የጊክቤንች የፍጥነት መለኪያን የሚሠራው ድርጅት መሥራች ጆን ፑል ከብዙ ስልኮች የተሰበሰበውን ውጤት በሶፍትዌር ስሪት ለይቶ ካሳየ በኋላ ነው። አፕል በቀናት ውስጥ አመነ፤ በወሩ ማብቂያም ይቅርታ ጠይቆ ከዋስትና ውጭ ለሆኑ ስልኮች የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ለአንድ ዓመት አወረደ። በመጋቢት 2018 በአይኦኤስ 11.3 ደግሞ የባትሪውን ጤና የሚያሳይ ገጽና ገደቡን ማጥፊያ አማራጭ ጨመረ።

ይህ አሠራር በእርስዎ ስልክም ላይ አለ። አይፎን ኤክስ አር ለገበያ የቀረበው በ2018 ሲሆን፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ወደ እርሱ የመጣው በ2019 ከአይኦኤስ 13.1 ጋር ነው። አፕል ራሱ የዚህ ገደብ ውጤት ብሎ የጻፈውን ከጥያቄዎ ጋር ሳስተያይ እጅግ ይገጣጠማል። መተግበሪያ ለመክፈት የሚወስደው ጊዜ ይረዝማል፤ ገጽ ወደ ላይና ወደ ታች ሲንሸራተት ይንቀጠቀጣል፤ የስክሪን ብርሃን ይደበዝዛል፤ የድምፅ ማጉያው እስከ 3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከበስተጀርባ የነበሩ መተግበሪያዎች ሲመለሱባቸው እንደገና ይጫናሉ፤ ሁኔታው ሲከፋም የካሜራው ፍላሽ ይታገዳል። በአንጻሩ የስልክ ጥሪ ጥራት፣ የኢንተርኔት ፍጥነት፣ የፎቶና የቪዲዮ ጥራት፣ እንዲሁም የጂፒኤስ ትክክለኛነት በዚህ ገደብ አይነኩም። ስለዚህ ኢንተርኔትዎ ብቻ ቢዘገይ ኖሮ ጥፋቱን ከኔትወርኩ እንፈልገው ነበር፤ ፍላሹና ብርሃኑ አብረው መድከማቸው ግን ወደ ባትሪው ያመለክታል።

ለማረጋገጥ ሴቲንግስ ውስጥ ገብተው ባተሪ፣ ከዚያም ባተሪ ሄልዝ የሚለውን ይክፈቱ። ማክሲመም ካፓሲቲ የሚለው መቶኛ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አሁን ስንት እጅ እንደሚይዝ ይነግርዎታል፤ ከ80 በታች ከሆነ አምራቹ ራሱ እንዲቀየር ይመክራል። ይሁን እንጂ ከመቶኛው ይልቅ ከሥሩ የሚወጣውን ጽሑፍ በጥንቃቄ ያንብቡ፤ ስልኩ ባትሪው በቂ ኃይል መስጠት ስላቃተው ድንገት ጠፍቶ እንደነበርና የፍጥነት መቆጣጠሪያው እንደተተገበረ የሚገልጽ መልእክት ካለ፣ ምርመራው በዚያው አለቀ። በጽሑፉ መጨረሻ በትንሽ ፊደል ዲስኤብል የሚል ቃል ይገኛል። እርሱን ሲነኩ ገደቡ ይነሣና ስልኩ ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ነገር ግን በእጅዎ መልሰው ሊያበሩት አይችሉም፤ ስልኩ ዳግመኛ ድንገት ሲጠፋ ራሱ ይመልሰዋል። ለአንድ ቀን ቢሞክሩት የችግሩን ምንጭ በዓይንዎ ያዩበታል፤ መፍትሔ ነው ብዬ ግን አልመክረውም።

ከባትሪ ውጭ ያሉ ሁለት ምክንያቶችንም ላንሣ። ማንኛውም ትልቅ አፕዴት ከተጫነ በኋላ ስልኩ ለጥቂት ቀናት ፎቶዎችንና ፋይሎችን እንደ አዲስ ስለሚመዘግብ ይሞቃል፣ ይዘገያል፣ ባትሪም ይበላል፤ ይህ በራሱ ያልፋል። ማከማቻው ሊሞላ የቀረበ ስልክም እንዲሁ ይንቀራፈፋል፤ 64 ጊጋባይት ያለው ኤክስ አር በቴሌግራም ቪዲዮዎች ብቻ ሊሞላ ይችላል። ከእነዚህ አንዳቸውም ግን 30 በመቶ ላይ ስልክ አያጠፉም።

ባትሪውን ለማስቀየር ሲሄዱ ሊጠነቀቁበት የሚገባ ብዙ ነገር ስላለ እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር። ከኤክስ ኤስ እና ከኤክስ አር ጀምሮ ያሉ አይፎኖች ባትሪያቸው ላይ ያለችውን ትንሽ ሰሌዳ መለያ ስለሚያነቡ፣ ሌላ ባትሪ ሲገባ የባትሪውን እውነተኛነት ማረጋገጥ አልተቻለም የሚል መልእክት ያሳያሉ፤ የጤናው መረጃም ላይታይ ይችላል። መልእክቱ ለብቻው ባትሪው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ስልኩም በዚህ ምክንያት ሥራ አያቆምም። ደንበኛው እንዳይደነግጥ ሲሉ ግን አንዳንድ ጠጋኞች የቀድሞውን ባትሪ ሰሌዳ ፈትተው በአዲሱ ሴል (ኃይሉን በሚይዘው የባትሪ አካል) ላይ ይበይዱታል፤ ከዚያም በፕሮግራመር መሣሪያ መቶኛውን 100 ያደርጉታል። ስለዚህ ከጥገና ቤት የወጣ ስልክ 100 በመቶ ማሳየቱ የሴሉን ደኅንነት አያረጋግጥም፤ ሊቲየም ሴል ላይ በቂ መሣሪያ ሳይኖር መበየድ ደግሞ አደገኛ ነው። እኔ ብሆን መልእክቱን የሚያሳየውን ነገር ግን ያልተነካካውን ባትሪ እመርጣለሁ። ጠጋኙ አሮጌውን ሲያወጣ በሹል ብረት እንዳይፈነቅለው ይንገሩት፤ ባትሪው የተያዘው በሚለጠጡ የማጣበቂያ ጥብጣቦች ስለሆነ ቀስ ተብለው ሲሳቡ ይለቃል። አሮጌው አብጦ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፍቶት ከሆነ ስልኩን ከአሁኑ ቻርጅ ማድረግ ያቁሙ። አዲሱ ከገባ በኋላ ካሜራውን ከፍላሽ ጋር ከፍተው፣ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርገው፣ ባትሪው ከ30 በመቶ በታች እያለ ይሞክሩት፤ ያ ካለፈ ሥራው ጥሩ ነው።

በነገራችን ላይ በጥገና ቤት የተቀየረ ዕቃና አፕዴት የተጋጩበት ጊዜ ስለነበረ፣ የጠጋኞች ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። አይኦኤስ 9 ሲወጣ የጣት አሻራ ቁልፋቸው ከአምራቹ ውጭ የተቀየረ አይፎን 6 ስልኮች አፕዴት ሲደረጉ «ኤረር 53» ብለው ጭራሽ አልነሣ አሉ፤ በየካቲት 2016 በተለቀቀ ማስተካከያ ዳኑ፤ የአውስትራሊያ ፍርድ ቤትም በ2018 በአፕል ላይ 9 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቅጣት ጣለ፤ ቅጣቱም ስልካቸውን ሌላ ቦታ ያስጠገኑ ደንበኞች መብታቸውን እንዳጡ ተደርጎ ስለተነገራቸው ነው። በዚያው 2018 አይኦኤስ 11.3 ስክሪናቸው በሌላ የተተካ አንዳንድ አይፎን 8 ስልኮችን ለመንካት የማይታዘዙ አደረጋቸው፤ 11.3.1 አስተካከላቸው። ስልክዎ ውስጥ የተቀየረ ዕቃ ካለ ትልቅ አፕዴት በወጣበት ቀን ከመጫን ይልቅ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ተገቢ ነው። መጠበቅና ማቆም ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እንግዲህ «ሆን ብለው አዲስ ለማስገዛት ነው» ወደሚለው ልመለስ። የተቆጣጣሪዎችን ውሳኔ ስናነብ ጥፋት ተብሎ የተያዘው በአብዛኛው መደበቁ ነው። የጣልያን የውድድር ባለሥልጣን በጥቅምት 2018 አፕልን 10 ሚሊዮን፣ ሳምሰንግን 5 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ የሳምሰንግ ጥፋት ለኖት 4 ባለቤቶች ለዚያ ስልክ የሚከብደውን ማርሽሜሎ የተባለ የአንድሮይድ ስሪት እንዲጭኑ ሲወተውት፣ ውጤቱን አለመንገሩና መመለሻ አለማበጀቱ ነበር። የፈረንሳይ ባለሥልጣን በየካቲት 2020 በአፕል ላይ የጣለው 25 ሚሊዮን ዩሮም ለሸማቹ ባለመነገሩ የተጣለ ነው። በአሜሪካ የስልክ ባለቤቶች የከሰሱት መዝገብ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር በሚደርስ ስምምነት ተዘጋ፤ ከክፍላተ አገራት ዐቃብያነ ሕግ ጋር የነበረውም በኅዳር 2020 በ113 ሚሊዮን ዶላር አለቀ፤ ኩባንያው በስምምነቱ ጥፋተኝነቱን አላመነም። እኔ የምደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ አዲስ ለማስገዛት ታስቦ የተሠራ መሆኑ ባይረጋገጥም፣ በዚያን ጊዜ 79 ዶላር ያወጣ የነበረ የባትሪ ቅየራ እንደሚበቃው ያልተነገረው ሰው የብዙ መቶ ዶላር ስልክ መግዛቱ አይቀርም፤ ኩባንያውም ከዝምታው ይጠቀማል። ጉዳቱ ለስልኩ ባለቤት ያው ነው። በሰው ገንዘብ የተገዛን ዕቃ ከተሸጠ በኋላ አቅሙን መለወጥ የሚቻለው ባለቤቱን አስቀድሞ በማያሻማ ቋንቋ በማሳወቅና ፈቃዱን በመጠየቅ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ የማይቀር የደኅንነት አደጋ ካለም አደጋው በስሙ ሊጠራ ይገባል።

ይህን የምለው የአባትዎን ስልክ በማሰብ ጭምር ነው። ፒክስል 4ኤ የወጣው በ2020 ሲሆን፣ የአፕዴት ድጋፉ በ2023 አብቅቶ ነበር። ሆኖም ጉግል በጥር 2025 ለዚህ ስልክ ብቻ የተዘጋጀ የአንድሮይድ 13 አፕዴት ለቀቀ፤ አፕዴቱም ባለቤቱን ሳይጠብቅ በራሱ የሚጫን ነበር። የተሰጠው ምክንያት «የባትሪውን መረጋጋት ማሻሻል» የሚል ነው። ሶፍትዌሩን የመረመሩ ባለሙያዎች ያገኙት ግን በአንዳንዶቹ ስልኮች ላይ ከ4.4 ቮልት በላይ የነበረው የቻርጅ ጣሪያ ወደ 3.95 ቮልት እንደወረደ ነው። ለሊቲየም ሴል ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት እጅግ ብዙ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ክፍል ብዙውን የባትሪ ይዘት ስለሚይዝ፣ የስልኩ አቅም ወደ ግማሽ ወረደ። አፕዴቱ ለሁሉም ፒክስል 4ኤ ቢደርስም ገደቡ የነካው የተወሰነ ዓይነት ባትሪ ያላቸውን ብቻ ነው። ቆየት ብሎ በአውስትራሊያ የወጣው የምርት ማስታወቂያ ባትሪው ከመጠን በላይ ሊግልና እሳትና ቃጠሎ ሊያስከትል እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል። «መረጋጋት» ከሚለው ቃል ጀርባ የነበረው ይህ ነው፤ ሰዎች ስልካቸውን ትራስ ሥር አድርገው እንደሚተኙ እየታወቀ በመጀመሪያው ቀን እንዲህ ተብሎ አለመነገሩ ያሳዝነኛል።

ይህ ዓይነቱ ገደብ ከዚያ በፊትም በኋላም ታይቷል። በ2016 የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ባትሪዎች መቃጠል ሲጀምሩ፣ ስልኩን አልመልስም ላሉ ባለቤቶች በመጀመሪያ ቻርጁን 60 በመቶ ላይ የሚያቆም፣ በኋላም በአሜሪካ ጨርሶ ቻርጅ እንዳያደርግ የሚከለክል አፕዴት ተላከ። በ2025 ክረምትም ፒክስል 6ኤ የተባለው ስልክ በአንዳንዶቹ ላይ ባትሪው 400 ዙር ቻርጅ ከሞላ በኋላ አቅሙንና የቻርጅ ፍጥነቱን የሚቀንስ የግዴታ አፕዴት ደርሶታል፤ ይህ ስልክ በዋጋው ተመጣጣኝነት ከውጭ በስጦታ የሚመጣ ስለሆነ ያላችሁ ሰዎች ብታውቁት መልካም ነው። በእንዲህ ያሉት ስልኮች ላይ የቀድሞውን ሶፍትዌር መልሶ ጭኖ ገደቡን የሚያነሣ ጠጋኝ ቢገኝ እንኳ ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም፤ አምራቹ ሊቃጠል ይችላል ያለውን ሴል ወደ ሙሉ ቮልቴጁ እየመለሰው ነው።

በእርስዎ አይፎን ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መመለሱ ከነጭራሹ አይሠራም። አይፎን ማንኛውንም ሶፍትዌር ሲጭን የአፕልን ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ አፕል አዲስ ስሪት ከለቀቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ለቀድሞው ፈቃድ መስጠት ያቆማል። «ዳውንግሬድ አደርግልሃለሁ» የሚል ሰው ገንዘብዎን ወስዶ መረጃዎን አጥፍቶ እዚያው ስሪት ላይ ይመልስልዎታል። ቢቻልም እንኳ አይጠቅምም፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ከ2019 ጀምሮ በስልክዎ ውስጥ አለና፣ የተለወጠው በአብዛኛው ባትሪው እንጂ ሶፍትዌሩ አይደለም።

አፕዴት ማቆምን በተመለከተ፣ የሚያመጣው ጉዳት ከሚያስቀረው ጉዳት ይበልጣል። አንድሮይድም ሆነ አይኦኤስ ሲቆይ መተግበሪያዎች ጥለውት ይሄዳሉ። ዋትስአፕ ከጥር 2025 ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ ደግሞ ከአይኦኤስ 15.1 በታች ባሉ ስልኮች ላይ አይሠራም። የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬትም ጊዜ ያልፍበታል፤ በመስከረም 30 ቀን 2021 ብዙ ድረ ገጾች ይጠቀሙበት የነበረ አንድ ዋና ሰርተፍኬት ሲያበቃ፣ አይኦኤስ 9 ላይ የቀሩ ስልኮች ደኅና የነበሩ ገጾችን መክፈት አቃታቸው። ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ ቴሌብርና የባንክ መተግበሪያ ያለበት ስልክ የኪስ ቦርሳ ነው፤ ሰርጎ ገቦች እየተጠቀሙበት እንደሆነ የታወቀ ቀዳዳ ሳይደፈን እንዲቀር መፍቀድ አይገባም። አምራቾችም አሮጌ ስልክን ሁልጊዜ ይጥሉታል ማለት አይደለም፤ በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ የደኅንነት አፕዴት የደረሰው በጥር 2023 ነበር። ለእርስዎ ስልክ ደግሞ የሚያጽናና አንድ ነገር አለ፤ ኤክስ አር የሚቀበለው የመጨረሻው ትልቅ ስሪት አይኦኤስ 18 ነው። ከእንግዲህ የሚመጣለት ቀዳዳ የሚደፍን ትንሽ አፕዴት ብቻ ስለሆነ፣ አዲስ ሸክም ይጨምርብኛል ብለው የሚፈሩበት ምክንያት የለም። ከመጫንዎ በፊት ባክአፕ ያድርጉ፣ ጥቂት ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስተርፉ፣ መብራት ሊጠፋ በሚችልበት ሰዓት አይጀምሩ።

ወደፊት ስልክ ከውጭ ሲላክላችሁ ከመልኩና ከካሜራው ይልቅ የወጣበትን ዓመትና የባትሪውን ጤና መጠየቅ ይበጃል። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ለዋና ስልኮቻቸው 7 ዓመት አፕዴት ቃል ገብተዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ በገበያው ለሚቀርቡ ስልኮች፣ የመጨረሻው ስልክ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር አፕዴት እንዲሰጥ፣ ባትሪውም ከ800 ዙር ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን እንዲይዝ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ከጀርመን ወይም ከጣልያን ዘመድ የሚልክልዎ ስልክ ከዚያ ቀን ወዲህ ለገበያ የቀረበ ከሆነ የዚህ ደንብ ተጠቃሚ ነው።

የአባትዎን ፒክስል በሚመለከት ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ይህ ነው። በስልኩ ላይ *#06# ብለው ሲደውሉ የሚወጣውን 15 አሃዝ ቁጥር ጽፈው ለእኅትዎ ይላኩላቸው፤ ጉግል ስልኩ የተጎዳው ክፍል መሆን አለመሆኑን በዚህ ቁጥር የሚለይበት የድጋፍ ገጽ ነበረው። የተጎዱ ስልኮች ባለቤቶች ነጻ የባትሪ ቅየራ፣ 50 ዶላር፣ ወይም ለአዲስ ፒክስል መግዣ 100 ዶላር እንዲመርጡ ተፈቅዶላቸው ነበር፤ ቅየራው በጥቂት አገሮች ብቻ የሚሠራ ሲሆን ምዝገባውም ክፍት የነበረው ለአንድ ዓመት ነው፤ ስለዚህ እኅትዎ አሜሪካ ሆነው የጉግልን ድጋፍ ሰጪ ቢጠይቁ የተሻለ ዕድል ይኖራቸዋል። ስልኩ ከተጎዱት አንዱ ሆኖ ከተገኘና ቅየራው ካልተሳካ፣ አባትዎ ሌሊት ቻርጅ ላይ አድርገውት እንዳይተኙ ይንገሯቸው፤ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ ከአልጋና ከሶፋ ርቆ በጠንካራ ነገር ላይ ተቀምጦ ቻርጅ ይደረግ፤ ሌላ ስልክ እስኪገኝላቸውም የባንክ መተግበሪያቸውን ከእርሱ ያውጡት፤ መደበኛ የደኅንነት አፕዴቱ ካቆመ ቆይቷልና።